በቆሎው ባሕር ተሻገረ፣ ኖራው ቀረ

እኔ በምኖርበት ስዊድን አርብ ማታ የታኮ ማታ ነው። ታኮ በቂጣ ታጥፎ የሚበላ የሜክሲኮ ምግብ ነው። ጎረቤቶቼ ከሥራ ሲመለሱ ሱፐርማርኬት ጎራ ይላሉ። አንድ ሳጥን ደረቅ ቂጣ፣ አንድ ፓኬት ቅመም፣ አንድ ጠርሙስ ሶስና ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ይገዛሉ። ቤት ገብተው ሥጋውን ይጠብሱና ቅመሙን ይነሰንሱበታል። ኪያር፣ የቆርቆሮ በቆሎና የተፈቀፈቀ ቺዝ በየሳህኑ ይደረደራል። ልጆቹ ሶፋው ላይ ይሰበሰባሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ኖርዌይም እንዲሁ ናት። አርብና ታኮ እንደ እሑድና ዶሮ ወጥ ሆነዋል።

መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አንዲት የፑዌብላ ልጅ አለች። ፑዌብላ ከሜክሲኮ ሲቲ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለች፣ በምግቧ ስሟ የገነነ ከተማ ናት። አንድ አርብ መሥሪያ ቤቱ ታኮ ጋብዞን አብረን ተቀመጥንና "እንዴት ነው?" አልኳት።

"ይጣፍጣል" አለች። "የኛ አይደለም እንጂ።"

"የናንተው ታዲያ የት ይገኛል?"

"ሻንጣዬ ውስጥ።"

ይህ መልስ ለሐበሻ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሁላችንም በርበሬና ሽሮ አጭቀን ኤርፖርት ላይ ኪሎ በለጠ እየተባልን ስንሟገት የኖርን ሰዎች ነን። ግን ነገሩ ከነከነኝ። እንጀራ በአንዲት ትንሽ የአውሮፓ ከተማ ብርቅ ቢሆን አይገርምም፤ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የሜክሲኮ ምግብ ግን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው። ታኮ፣ ቡሪቶ (የተጠቀለለ ቂጣ) እና ናቾስ (ቺዝ የቀለጠበት የተጠበሰ ቂጣ) የማይሸጥበት የአውሮፓ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። በየቦታው የሚገኝ ምግብ ለባለቤቱ እንዴት ይጠፋዋል?

ብዙ ሰው መልሱን ከቅመም ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከኖራ ነው።

አዎ፣ ኖራ። የግድግዳው ዘመድ፣ ለምግብ የሚሆነው ንጹሕ ዓይነት። ሜክሲኮ ውስጥ ደረቅ በቆሎ ከኖራ ጋር በውኃ ይቀቀላል። ለ1 ኪሎ በቆሎ 10 ግራም ገደማ ኖራ ይበቃል። ከእሳት ከወረደ በኋላ እዚያው ውኃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲታሽና ሲታጠብ ቆዳው እየተገፈፈ ይወጣል። የቀረው ፍሬ ኒሽታማል ይባላል። ቃሉ የናዋትል ቋንቋ ነው፤ አመድና ሊጥ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ። ፍሬው እርጥብ እንደሆነ ይፈጭና ሊጥ ይሆናል፤ ስሙም ማሳ ነው። ማሳው ተጠፍጥፎ ምጣድ ላይ ሲጋገር ቶርቲያ ይወጣዋል። ታኮ ማለት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ኖራው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ሊጡን ያያይዘዋል። የበቆሎ ዱቄት በውኃ ብቻ ለውሶ ቂጣ የጋገረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ከምጣዱ ሲነሣ ይሰባበራል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። እኔም ሞክሬዋለሁ። ባልደረባዬን ላስደንቅ ብዬ ከሰፈሬ ሱቅ ተራ የበቆሎ ዱቄት ገዝቼ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ስታገል ዋልኩ። የወጣው ነገር ታኮ ሊሆን ቀርቶ ፍርፍር ለመሆንም አልበቃም። ሱቁ ምንም አላጠፋም። ዱቄቱ ኖራ አላየም፣ በቃ።

ሁለተኛው ሥራው ሽታና ጣዕም ነው። ትኩስ ቶርቲያ የሚሸተው ሽታ ከተጠበሰ እሸትም ከንፍሮም ሽታ ይለያል። ሦስተኛው ደግሞ የጤና ነው። በቆሎ ውስጥ ያለውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ሰውነታችን የሚያገኘው ኖራው ሲፈታው ነው። በቆሎ ከአሜሪካ ምድር ወደ አውሮፓ ሲሻገር ዘሩ ብቻ መጣ፤ ሙያው እዚያው ቀረ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቆሎን ዋና ቀለባቸው ያደረጉ የስፔንና የሰሜን ኢጣሊያ ድሆች ቆዳቸው እየቆሰለ፣ አእምሯቸው እየተናወጠ ማለቅ ጀመሩ። በሽታው ፔላግራ ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የዩናይትድ ስቴትስን ደቡባዊ ግዛቶች ፈጀ። ሜክሲኮ ውስጥ ግን በቆሎን ዘላለም ሲበላ የኖረው ሕዝብ በዚህ በሽታ እንዲህ አልተመታም።

የዛሬው የታኮ ሳጥን ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚሻገረው የሚቆይ ነገር ነው። ማሳ በአንድ ቀን ይኮመጥጣል። ቶርቲያ ደግሞ የሰዓታት ዕድሜ ነው ያለው፤ ከእንጀራም ይብሳል። እንጀራ በማግሥቱም ይበላል፣ ቢደርቅ ፍርፍር ይሆናል። ሜክሲኮ ውስጥ ሰው በየሰፈሩ ካለ ጋጋሪ ቤት ትኩሱን በኪሎ ገዝቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ለምሳ ያደርሰዋል። ይህን መርከብ ላይ ጭኖ ስድስት ወር መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። መደርደሪያ የሚችለው ሁለት ነገር ነው፤ በዘይት ተጠብሶ የደረቀ ቂጣ፣ ወይም መከላከያ የገባበት ለስላሳ የስንዴ ቂጣ። ሳጥኑን ስንከፍት የምናገኘውም እነዚህኑ ነው።

ሳጥኑ ደግሞ ከሜክሲኮ አልመጣም። ከአሜሪካ ነው የመጣው፣ ይልቁንም ከቴክሳስና ከካሊፎርኒያ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ የፓኬት ቅመም ሥሩ ቴክሳስ ውስጥ በ1890ዎቹ ዊልያም ጌብሃርት የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ መሸጥ የጀመረው የበርበሬና የከሙን ቅልቅል ነው። ናቾስ የተወለደው በ1940ዎቹ ፒየድራስ ኔግራስ በምትባል የድንበር ከተማ ነው። ኢግናሲዮ አናያ የተባለ አስተናጋጅ ከወዲያ ማዶ ለመጡ አሜሪካውያን ሴቶች በቸገረው ሰዓት የፈለሰፈው ነው፤ ናቾ የኢግናሲዮ ቁልምጫ ነው። በ1962 ደግሞ ግሌን ቤል የተባለ ካሊፎርኒያዊ ታኮ ቤል የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተና ታኮን እንደ ሃምበርገር በፍጥነት የሚሸጥ ነገር አደረገው።

ታኮ ቤል በ1992 ሜክሲኮ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ዘጋ። በ2007 ሞንቴሬይ ላይ እንደገና ሞከረ፤ እሱም አልሆነም። አንድ አሜሪካዊ ድርጅት አዲስ አበባ መጥቶ በፓኬት ዱቄት የተሠራ ሽሮ ሊሸጥ ሲሞክር ይታያችሁ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ይህን ሁሉ "የውሸት ምግብ" ብሎ መናቅ አይጥመኝም። ቴክሳስ እስከ 1836 ድረስ የሜክሲኮ መሬት ነበረች። እዚያ የቀሩት ሰዎች ድንበር አልተሻገሩም፤ ድንበሩ ነው የተሻገራቸው። በሚያገኙት ስንዴ፣ በሚያገኙት ሥጋና ቺዝ የሚበሉትን ሠሩ። የራሱ ለዛ ያለው ምግብ ነው። ያ ጠንካራው የታጠፈ ቂጣ እንኳ ሜክሲኳዊ እጅ አለበት፤ በ1950 ለመጥበሻ መሣሪያው የፈጠራ መብት ያገኘው ኒውዮርክ ውስጥ ምግብ ቤት የነበረው ሁቬንሲዮ ማልዶናዶ የሚባል ሜክሲኳዊ ስደተኛ ነው። ቅሬታዬ ምግቡ ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ ነው። የአንድ ድንበር አካባቢ ምግብ የ32 ግዛቶችን አገር ስም ይዞ ዓለምን ዞረ። ሌላው ከኋላው ተሸፈነ።

ያ ሌላው ደግሞ ብዙ ነው። የሰሜኑ ሶኖራ ስንዴ አብቃይ ስለሆነ ስስ የስንዴ ቶርቲያ ይበላል፤ ስለዚህ "ስንዴ ከሆነ ሜክሲኳዊ አይደለም" የሚለውም አይሠራም። ዩካታን ሥጋን በኮምጣጣ ብርቱካን ዘፍዝፎ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅሎ ጉድጓድ ውስጥ ያበስላል። ዋሃካ በሰባት ዓይነት ሞሌ ትኮራለች። የፑዌብላ ሞሌ ደግሞ ሦስት አራት ዓይነት ደረቅ በርበሬ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ቅመማ ቅመምና ጥቂት ቸኮሌት ተፈጭቶ ለሰዓታት የሚንተከተክ ወጥ ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ያየ ሰው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ይገባዋል።

ሦስት አራት ዓይነት በርበሬ ያልኩት በምክንያት ነው። እኛ በርበሬ ስንል አንድ ነገር ይታየናል። እነሱ ጋ አንዱ ቃሪያ እርጥብ ሲሆን አንድ ስም፣ ሲደርቅ ሌላ ስም አለው። ፖብላኖ ሲደርቅ አንቾ ይባላል። ሃላፔኞ በጭስ ሲደርቅ ቺፖትሌ ይሆናል። ጓሂዮ አለ፣ ፓሲያ አለ፣ ሙላቶ አለ። አንዱ ዘቢብ ዘቢብ ይላል፣ አንዱ ጭስ ይሸታል፣ አንዱ ቀለም ብቻ ይሰጣል። የአውሮፓ ምግብ ቤት ይህን ሁሉ በአንድ ማንኪያ ፓፕሪካና በአንድ ቁንጥጫ ሚጥሚጣ ይተካዋል። ያቃጥላል፤ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው።

ደረቁ በርበሬ ቢያንስ በሻንጣ ይመጣል። እርጥቡ ነው መከራው። ቶማቲዮ የሚባል በስስ ልባስ የተጠቀለለ አረንጓዴ ፍሬ አለ፤ የአረንጓዴው ሳልሳ፣ ማለትም የማባያው፣ መሠረት እሱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ትኩሱ እንደ ልብ አይገኝም፤ በቆርቆሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። ለትኩስ አትክልትና ፍራፍሬም፣ ከሙዝና ከአናናስ መሰል ጥቂቶች በቀር፣ የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ይጠይቃል። ስለዚህ ያ የሚፈረፈረው ነጭ አይባቸው አገሩ ይቀራል። ባልደረባዬ በፌታ ነው የምትተካው። እኔ የኛን አይብ ሠርቼ ሰጠኋት። ጨው አንሶታል አለች እንጂ አልጠላችውም።

እንዲህ ሲባል ችግሩ ሁሉ የዕቃ ይመስላል። አይደለም። ዕቃ ገበያ ባለበት ይመጣል። ዋናው ጥያቄ የሚበላው ማን ነው የሚለው ነው። ከአገራቸው ውጭ ከሚኖሩ ሜክሲኳውያን ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት አሜሪካ ውስጥ ናቸው። ለዚህ ነው ሎስ አንጀለስና ቺካጎ ውስጥ በቆሎ በኖራ ቀቅሎ የሚፈጭ ወፍጮ ቤት የሚገኘው። ከሌሊት ጀምሮ ማሳ የሚጠብቅ ደንበኛ አለ። ስዊድን ውስጥ ያሉት ሜክሲኳውያን ግን ጥቂት ናቸው፤ ወፍጮ አያቆሙም። ምግብ ቤቱ የሚሠራው ለስዊድናዊ ነው። ስዊድናዊው ደግሞ ታኮ ምን እንደሚመስል ከሳጥኑ ተምሯል። አንድ ሰው ተነሥቶ እውነተኛውን ቢያቀርብ "ቺዙ የት አለ?" ይባላል።

የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ይህን ስሌት በደንብ ያውቀዋል። እዚያ ትኩስ እንጀራ በየሱቁ የሚገኘው ገዥው ስለበዛ ነው። ጤፍ አይዳሆ ውስጥ መመረቱም ገዥ ስላለ ነው። ትንሽ የጀርመን ከተማ ውስጥ ያለ ሐበሻ ግን ከፍሪዘር ያወጣዋል።

የዋጋም ጣጣ አለ። ሰው ጃፓናዊ ዓሣ ሊበላ ሲገባ ኪሱን አዘጋጅቶ ነው የሚገባው። ታኮ ግን በሰው አእምሮ ርካሽ ምግብ ነው። በቆሎ አስመጥቶ፣ ቀቅሎ፣ አሳድሮ፣ ፈጭቶ፣ በእጅ ጠፍጥፎ የሚሠራ ሰው ደግሞ በሳጥን ዋጋ ሊሸጥ አይችልም። ከሞከሩት ብዙዎቹ ወይ ይዘጋሉ ወይ ወደ ስንዴው ይመለሳሉ።

የተሳካላቸውም አሉ። ኮፐንሃገን ውስጥ ሮሲዮ ሳንቼስ አለች። ከሜክሲኮ ስደተኞች ቺካጎ ውስጥ የተወለደች ናት፤ ኖማ በተባለው ዝነኛ ምግብ ቤት የጣፋጭ ክፍል ኃላፊ ነበረች። በ2015 ገበያ መሐል የታኮ ቤት ከፈተች። በቆሎውን ከሜክሲኮ አስመጥታ እዚያው ዴንማርክ ውስጥ በኖራ ትቀቅለዋለች። ሌላው መንገድ ማሴካ ነው። በ1949 ኑዌቮ ሌዮን ውስጥ የተመሠረተው ግሩማ የሚባል ድርጅት በኖራ የተቀቀለውን በቆሎ አድርቆ በዱቄት ይሸጣል። ውኃ ጨምሮ ማቡካት ብቻ ነው። የሙያ ሰዎች አይወዱትም፤ ጣዕሙ ይጎድላል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ሜክሲኮ ውስጥም ብዙ ጋጋሪ ቤቶች ይጠቀሙበታል። ስደት ላይ ላለ ሰው ደግሞ ነፍስ አድን ነው። እኔም ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በኢንተርኔት አዘዝኩና ተሳካልኝ።

ስለዚህ አንድ ምግብ ቤት ለመፈተን ለምትፈልጉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፊ ባርኔጣ ተዉት። ቶርቲያው ከምንድን ነው፣ የት ተጋገረ ብላችሁ ጠይቁ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በ2024 ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሽላን ኮከብ ያገኘው ኤል ካሊፋ ዴ ሌዮን አራት ዓይነት ታኮ ብቻ የሚሸጥ ጠባብ ቤት ነው። ሥጋ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ሳልሳና ትኩስ ቶርቲያ። ሌላ ተዓምር የለውም።

ሜክሲኮ ስለ በቆሎ የምትቆጣውም ለዚህ ነው። በ2023 መንግሥቷ ዘረ መሉ የተቀየረ በቆሎ ለማሳ ሊጥና ለቶርቲያ እንዳይውል ከለከለ። አሜሪካ ከሰሰች፤ በ2024 መጨረሻ የሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነት ዳኞች ለአሜሪካ ፈረዱ። ሜክሲኮ እገዳውን አነሣች፤ በ2025 ግን እንዲህ ያለ በቆሎ አገሯ ውስጥ እንዳይዘራ በሕገ መንግሥቷ አሰፈረች። ከውጭ ለሚያይ ሰው የንግድ ጭቅጭቅ ነው። እነሱ ግን ጤፍ ላይ ቢመጡብን እንደምንቆጣው ነው የተቆጡት።

በነገራችን ላይ፣ በርበሬያችንም በቆሎአችንም መነሻቸው ከዚያው ምድር ነው። አያቶቻችን በቆሎን "የባሕር ማሽላ" ይሉት የነበረው ከማዶ መምጣቱን ስለሚያውቁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ የሚባል ሰፈር እንዳለን ስነግራት ባልደረባዬ ሳቀች። "እኛም ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለን" አለች፤ 3ኛው መስመር ላይ፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ። ኢጣሊያ ሲወረን ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከእኛ ጎን የቆመችበት ማስታወሻ ነው።

አንድ ቀን ከአገሯ ምግብ በጣም የሚናፍቃት የቱ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሞሌ ትላለች ብዬ ነበር። "ታኮ አራቤ" አለችኝ። የዓረብ ታኮ ማለት ነው። በ1930ዎቹ ከመካከለኛው ምሥራቅ ፑዌብላ የገቡ ስደተኞች ሻዋርማቸውን ይዘው መጡ። በጉ በአሳማ ተተካ፣ ቂጣው ግን የዓረብ ሆኖ ቀረ፣ ላዩ ላይ የቺፖትሌ ሳልሳ ተጨመረበት። ከእሱ ነው ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲን ያጥለቀለቀው፣ በበቆሎ ቶርቲያና በአናናስ የሚቀርበው ታኮ አል ፓስቶር የመጣው። አሳማ ነውና እኔ አልቀምሰውም፤ ታሪኩን ግን ወደድኩት። ከአገሯ ምግብ ሁሉ አብልጣ የምትናፍቀው ምግብ ስሙ ራሱ "ከሌላ አገር ነኝ" ይላል። ፑዌብላ ግን የዓረብ ነው ብላ አትገፋውም፤ የራሷ ካደረገችው ቆይቷል።

ከመሥሪያ ቤታችን ማዶ አንድ የሶርያዊ ሻዋርማ ቤት አለ። ከሱ ቀጥሎ ባለ ባርኔጣው "የሜክሲኮ" ምግብ ቤት አለ። ባለፈው ሳምንት ለምሳ ስንወጣ ባለ ባርኔጣውን አልፋ ሶርያዊው ጋ ገባች። ዶሮ በቂጣ አዘዘች። ነጭ ሽንኩርት ሶሱን አታድርግበት አለችው። ከዚያ ከቦርሳዋ እናቷ የላከችላትን የቺፖትሌ ብልቃጥ አውጥታ አፈሰሰችበት። ሶርያዊው አየት አደረገና ጣቱን ዘርግቶ ቀመሰ። በሚቀጥለው ስትመጪ ለኔም ይዘሽልኝ ነይ አላት።